ዘሩ በዝቷል

ሰኞ፣ ጥቅምት 12። ከቀኑ 10 ሰዓት። ነፋስ መውጫ።

የ10ኛ "ለ"ን ፈተና ግማሹን አረምኩ። ሙቀትና የሙቀት መጠን አንድ ናቸው የሚሉ ተማሪዎች ብዛት! ማነው ያስተማራቸው? እኔ። ቀዩን እስክሪብቶ ዘግቼ ወዳንቺ መጣሁ፣ ደብተሬ፣ ጀርባሽ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለብሽ። ለትምህርት ዕቅድ ነበር የገዛሁሽ። የውሸት ማኅደር ሆነሽ ቀረሽ።

ትናንት አበጀ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ። ጀርመን አገር ነው፣ ፊዚክስ፣ ለዶክትሬት። ሁልጊዜ እሑድ ነው የሚደውለው፤ እማየ ከቅዳሴ በኋላ ከገጠር እኔ ቤት መጥታ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስለምትጠብቀው። ይህ ያለ እርሷ ሁለተኛው እሑድ ነው። ጸበል ናት አልኩት። ስማዳ ቆላው ውስጥ፣ ኔትወርክ የሌለበት። ወገቧን ብዬ። እየበላች ነው፣ ቀለሟም ተመልሷል። ቀለሟን ሁሉ ጨመርኩ። ማን ጠየቀኝ?

እማየ መስከረም 28 ሞተች። እዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈው። ለአበ. የምናገርበት አፍ የለኝም።

ፀጉሬን ተላጭቻለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ። የዚህ ከተማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ልጇ ብቻ። ፍርዱ የአባየ ነው። መሪጌታ ናቸው፣ እሳቸው ከፈረዱ ዘመድ ሁሉ አሜን ይላል። ብቻውን ያለን ሰው አያረዱም አሉ። እዚያ ማን ደግፎ ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? ሥራውን ጨርሶ ይምጣና እዚሁ እናረዳዋለን። እውነታቸውን ነው። ግን ስልኩ የኔ ነው።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 14።

ኢንተርኔት ቤት። አንድ ፎቶ ለመክፈት አርባ ደቂቃ። ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ እየተጎተተ ወረደ። አበ. ነው የላከው።

ሥራውን ሦስት ዓመት ሙሉ ነግሮኛል፣ አንቺም ስሚ። መስታወት ላይ የወርቅ ፍሬ ይበትናል። ፍሬዋ ከማነሷ የተነሳ ከሺህ በላይ ጎን ለጎን ቢሰለፉ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ናቸው። አረንጓዴ ብርሃን ያበራባታል። ወርቋ ብርሃኑን ትውጥና ትግላለች፤ ዙሪያዋ ያለው መስታወት ቀዝቃዛ ነው። በላይዋ ጋዝ ያልፋል። ጋዙ የጋለችውን ፍሬ ሲነካ ይፈርሳል፣ ውስጡ የነበረው ጀርማኒየም የሚባል ንጥረ ነገር እዚያው ይቀራል፣ ክር ሆኖ ያድጋል፣ ወርቋን አናቱ ላይ ተሸክሞ። ክሩ ብርሃን ይመራል። አንድ ቀን በኤሌክትሪክ ፋንታ በብርሃን የሚሠሩ ጥቃቅን መሣሪያዎች ከዚህ ይሠራሉ ይላል። ቀድሞ ክሩን ለማሳደግ ሁሉን ነገር እቶን ይከቱት ነበር፤ አብሮት ያለ ስስ ነገር ሁሉ ይቃጠላል። የአበ. ዘዴ የፈለጉትን ቦታ ብቻ ማጋል ነው።

ወርቁ እንደዚያ ሲያንስ ቢጫ አይደለም፣ ቀይ ነው ብሎ ሲነግራት እማየ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። ከዚያ "ቢጫ ያልሆነ ወርቅ? አታለውሃል ልጄ፣ መልስላቸው" አለችው። ይህ እውነተኛ ቃሏ ነው። በዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጣ። እሱም እኔም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ፎቶው ግን አያስቅም። ክሮቹ በየቦታው በቅለዋል። ብርሃን ያልነካው ቦታ ሳይቀር። ተጠላልፈዋል፣ ተጋድመዋል። ስድስት ወር እንዲሁ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተሳካ ማሽኑ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፣ እሱም ባዶ እጁን ይመለሳል። ከፎቶው በታች እንዲህ ጽፏል፤ ለእማየ አሳዪልኝ፣ ሌላው ቢቀር ትሳቅብኝ።

አሳተምኩት። ለማን እንዳሳተምኩት እግዜር ይወቅ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17። ገጠር።

ሁለት ሰዓት በእግር። አባየ ደጃፍ ተቀምጠው ድጓ ዘርግተዋል፤ ገጹን አይገልጡም። ምሳ አልበሉም። ቁርስም የበሉ አይመስለኝም። ተቆጣኋቸው። ተማሪ አደረግኋቸው። እሺ ብለው ሁለት ጉርሻ በሉልኝ።

መቃብሯ ጋ ሄድኩ። አፈሩ ገና ቀይ ነው። ፎቶውን አውጥቼ ዘረጋሁላት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ዲግሪ አለኝ፣ ለአፈር ፎቶ አሳያለሁ። ነፋሱ ሊወስደው ሲል መልሼ ከተትኩት። እማየ ናፈቀችኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ቃል የለውም።

ስመለስ በገብሱ ማሳ ዳር አለፍኩ። ከቤታችን ሥር ያለው። የሌላው ሰው ገብስ ቆሟል፤ የኛ ጋሽቧል። አንዱ ባንዱ ላይ ተኝቷል፣ በዶፍ ዝናብ የተመታ ይመስላል። ፎቶውን እንደገና አወጣሁ። አየሁት፣ ማሳውን አየሁ። ወደ ከተማ ተመለስኩ።


እሑድ፣ ጥቅምት 18። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ደብተሬ፣ ዛሬ የሠራሁትን ሥራ።

ደወለ። ድምፁ ተንኮታክቷል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ፎቶው ነው። ወደ ጸበሉ የሚወርዱ ቄስ ወሰዱላት አልኩት። ምን አለች አለ። ሳቀች ማለት ነበረብኝ። ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ግን ማሳው ዓይኔ ላይ ቀርቶ ነበር መሰለኝ።

"ዘሩ በዝቷል አለች" አልኩት።

 መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ እንደዚያ አለች? አለኝ። አዎ አልኩ። ወርቁን ማለቷ ነው? አለኝ። እኔ ምን አውቄ፣ የጋሸበ ገብስ ይመስላል፣ አሳስቶ፣ አራርቆ ይዝራው ነው ያለችው አልኩት። ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ዘጋው።

ለሞተ ሰው ቃል ሠራሁ። ሰው እንዲህ ያደርጋል?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20።

ክፍል ውስጥ ጮህኩ። አንዲት ልጅ ብረት ከእንጨት ይልቅ ለምን ይቀዘቅዛል ብላ ጠየቀች፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ቁጭ በይ አልኳት። ልጅቱ ደነገጠች። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ጥያቄዋንም እመልሳለሁ።

ለአለልኝ ነገርኩት። የኬሚ. መምህሩ፣ የእስቴ ሰው፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ወሬ የማያዞር እሱ ብቻ ነው። ሰምቶ ሰምቶ ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፣ አይዞሽ አለኝ። የኔ ግን እያደር እየከበደ ነው። ምናልባት ስንቁ ስላልተበላ።


እሑድ፣ ጥቅምት 25።

አልደወለም። እስከ ማታ 12 ሰዓት ስልኩን ታቅፌ ዋልኩ። መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ዛሬ መዋሸት የለም። ቀጥሎ ፈራሁ። ሰምቶ ይሆን? ታሞ ይሆን? ቀጥሎ እፎይ ማለቴ አሳፈረኝ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 29። በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል።

ተሳካለት!

አሁን ደወለ። በሥራ ቀን ደውሎ አያውቅም። ይስቃል፣ ያወራል፣ ጀርመንኛ ይቀላቅላል። ወርቁን አሳስቶ በተነው። ሲነግረኝ እንዲህ ነው፤ የአንዲት ፍሬ ሙቀት ለብቻው ትንሽ ነው፣ ከአጠገቧ ሳይርቅ ይጠፋል። ፍሬዎቹ ሲቀራረቡ ግን የሁሉም ይደመራል፣ መስታወቱ በሙሉ ይግላል። ያኔ ብርሃኑ የትም ቢያርፍ ለውጥ የለውም፣ ክሩ በየቦታው ይበቅላል። ይህን በወረቀት ያውቀው ነበር። የሱ ወርቅ ግን የሳሳ ይመስለው ነበር። ስድስት ወር ሙሉ የብርሃኑን ኃይል ሲቀንስ ሲጨምር፣ ጋዙን ሲለውጥ ኖረ። ዘሩን ግን አልነካውም። አሁን ክሩ ብርሃኑ ካረፈበት በቀር የትም አይበቅልም። ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አለቃው ፕሮፌሰር ማን መከረህ ሲሉት እናቴ አላቸው። እናትህ ምን ተምራለች አሉት። ገብስ አላቸው።

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ በመጀመሪያ ሳቅሁ።

ከዚያ ድምፁ ወረደ። "እታለም፣ ሰው ልከሽም ቢሆን ከጸበሉ አውጪያት። ድምፅዋን ልስማ። ለሷ ሳልነግራት የተሳካልኝ አይመስለኝም።"

መንገዱ ተበላሽቷል አልኩት። የሚቀጥለው ሳምንት አልኩት። ደወል ተደወለ፣ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳው ላይ ቀን ጻፍኩ፣ ሌላ ምን እንደጻፍኩ አላስታውስም።


ሰኞ፣ ኅዳር 3።

ኢንተርኔት ቤት። የመመረቂያ ጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ ልኮልኛል። በአማርኛ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በእንግሊዝኛ። እገለብጥልሻለሁ፤

ይህ ሥራ ለእናቴ ነው። ፊደል ሳትቆጥር፣ ሥዕሉን አንድ ጊዜ አይታ ዘሩ በዝቷል ላለችኝ።

ፊደሉን አስተካክዪልኝ ይላል። ፊደሉ ልክ ነው።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። የቤቱ ባለቤት መስመሩ ተቋረጠብሽ? አለኝ። አዎ አልኩት።

አሁን ምን ላድርግ? ሞቷን ብነግረው ቀኑን ይጠይቃል። ቀኑን ከሰማ ይቆጥራል፤ ቁጥር ሥራው ነው። ቃሉ የሷ እንዳልነበረ ያውቃል። እናቱን በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ልቀብርበት ነው። ካልነገርኩት ደግሞ ይታተማል። ውሸቴ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ በስሟ።

ሌላም አሰብኩ። ክፉ ሐሳብ። ቀኑን ብዋሸውስ? በኅዳር አረፈች ብለውስ? ፎቶውን አይታ፣ ተናግራ፣ ከዚያ አረፈች። ማን ይጎዳል? ዘመድን አስማምቼ አንድ ቀን መምረጥ ብቻ ነው።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 8። ገጠር። ከሰዓት።

የእማየ አርባ። ፍትሐቱ ትናንት ተደረገ፤ ዓርብ ስለሆነ ድግሱ ለዛሬ ተላለፈ። ካህናቱ በሉ፣ አገሩ በላ፣ ድሃው በላ። ሁሉም አበጀ አልሰማም? እያለ በጆሮዬ ጠየቀኝ። አልሰማም። ደግ አደረጋችሁ። እሺ።

ሰው ሲበተን አባየን ገብሱ ዳር አገኘኋቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፎቶውን፣ ያልኩትን፣ የመጀመሪያውን ገጽ። ቀኑን ለመዋሸት ማሰቤን ጭምር። እንደሚቆጡኝ ገምቼ ነበር። 

"ቃሉስ የእሷው ነው" አሉኝ። "በየሰኔው ስዘራ ከኋላዬ እየተከተለች፣ መሪጌታ፣ እፍኝዎን ያጥብቡ፣ ዘሩ በዝቷል ትለኝ ነበር። አበጀ በሬ እየነዳ ይሰማታል፣ ይስቅብኛል። ዘንድሮ ታማ ከቤት አልወጣችም።"

 ገብሱን አዩ። እኔም አየሁት። እፍኝዎን ያጥብቡ የሚላቸው ስላጡ ነው የጋሸበው።

ስለ ቀኑ ግን ቆረጡ። የሞት ቀን አይዋሽም አሉ። ሙት ዓመቷን በየዓመቱ በባዶ ቀን ሊያስብ? በስንት ቀን ይጸልይላት? ከዚህ በኋላ መርዶው አይዘግይ አሉ። ብቻውን ግን አይሁን። ሦስት ሰው ፈልጊ፣ ከሦስቱ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ይሁን፣ በማለዳ፣ ከቤቱ ሳይወጣ።

እሺ አባየ። ከጀርመን አገር ሦስት አልቃሽ ላምጣ። ብስጭቴ ለአፌ ብቻ ነበር፤ ልቤ አርፎ ነበር።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 11።

አለልኝ ባረከኝ። የአክስቱ ልጅ፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ተወላጅ፣ አበ. ካለበት ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው። ዛሬ በስልክ አገናኘን። የማያውቀው ሰው ሞት ነው፣ ግን ወገኔ ነው፣ እሄዳለሁ አለ። ሌላ አንድ ጓደኛና አንድ ዲያቆን ይዞ። እሱም ከአምስት ዓመት በፊት የአባቱን መርዶ በስልክ ነው የሰማው፤ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ቆሞ። ለማንም አይሁን አለኝ።

ዓርብ ማታ ተነስተው ቅዳሜ ማለዳ ቤቱ ይገባሉ። አበ. የመጨረሻውን ሙከራ ዓርብ ይጨርሳል፤ ከሱ በፊት እንዳይሆን ለመንኩ። ምን ልበለው አለኝ። እናትህ አረፈች በለው፣ ቀኑን ከጠየቀ እኅትህ ትነግርሃለች በለው አልኩት። ያን ለሰው አልሰጥም።


ዓርብ፣ ኅዳር 14። ከቀኑ 11 ሰዓት።

አባየ በእግራቸው መጡ። ባጃጅ እልካለሁ ብላቸው እምቢ አሉ። በርጩማው ላይ አልተቀመጡም፤ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። መደቡ ላይ ተቀመጡ።

አዲሱን ፎቶ አሳትሜ ነበር፣ ክሮቹ የቆሙበትን። ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ወርቁ የትኛው ነው አሉ። አናቱ ላይ ያለችውን ነጥብ አሳየኋቸው። ዛላው ነዋ አሉ። አዎ አባየ፣ ዛላው ነው። ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። አልጠየቅኋቸውም።

የምለውን አጠናሁ። ቃሉ የእማየ ነው፣ በየሰኔው የምትለው ነው፣ እኔ ያቀበልኩህ ብቻ ነኝ። ያምራል። እንዲህ እለዋለሁ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 15። ጠዋት፣ 3 ሰዓት ሊሆን ነው።

አባየ ስልኩን ይዘዋል። አይናገሩም፣ ይሰማሉ። እኔ እጽፋለሁ።

2 ሰዓት ከሩብ ላይ አበ. ደወለ። እዚያ ገና ማለዳ ነው። ከኋላው የወንድ ልቅሶ ይሰማል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ለእናቴ ያለቅሳሉ። እግዜር ይስጣቸው። እሱ ግን አያለቅስም። ድምፁ ደረቅ ነው።

መቼ? አለኝ።

መስከረም 28።

 ሲቆጥር ይሰማኛል። ከዚያ ፎቶውን የላክሁት በጥቅምት ነው አለኝ። አዎ አልኩ።

"ታዲያ ዘሩ በዝቷል ያለኝ ማነው?"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። አባየ ያዩኛል። የእማየ ቃል ነው፣ በሰኔ፣ እፍኝዎን... አንዱም አልወጣ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ዋሸሁህ፣ እሷ አላየችውም፣ እኔ ነኝ። ገጹን ፋቀው አልኩት። ይቅር በለኝ አልኩት።

 እስትንፋሱ ይሰማኛል። ከኋላው ዲያቆኑ ቀስ ብሎ ይጸልያል። ይዘጋዋል ብዬ ስጠብቅ፣ አዲስ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው፣ የዘንድሮው ገብስ እንዴት ነው? አለኝ። ለምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም ነበር። ወደ አባየ አየሁ። አንገታቸውን ደፍተዋል።

ጋሽቧል አልኩት።

ያኔ ነው ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰው። ስልኩን ለአባየ ሰጠኋቸው።